ችግኝ የበጀት ዓመትን አይጠብቅም

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ሥራ የሚበዛው በእርሻ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በማንኩሳ በኩል እስከ ቡሬ በሚዘልቀው አካባቢ፣ ወንዝና ምንጭ በሚገኝበት ሥፍራ፣ ችግኝ እያፈሉ በጅምላ የሚሸጡ ገበሬዎችና የተደራጁ ወጣቶች መደብ የሚያርሙት፣ ውሃ የሚያጠጡትና ለጭነት የሚያዘጋጁት በዚሁ ጊዜ ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ለብዙው ሰው ዝናብ የሚጠበቅበት ወቅት ሲሆን፣ ለችግኝ አፍይ ግን የዓመት ጉልበቱና ጥሪቱ በሙሉ በመደብ ላይ የሚውልበት ነው።

ማንኩሳን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ በስም ያውቃታል። በጃቢ ጠህናን ወረዳ የምትገኘው ይህች ከተማና ዙሪያዋ በወይና ደጋ አየር፣ በበቆሎ፣ በጤፍ፣ በዳጉሳና በተለይም በበርበሬ ምርት የታወቁ ናቸው። የአካባቢው ገበሬ መደብ አዘጋጅቶ ዘር መጣልን፣ ጥላ መሥራትን፣ ችግኙ ሲጠነክር ነቅሎ ወደ ማሳ ማዛወርን ከበርበሬ እርሻው ጋር የተማረው በመሆኑ፣ ችግኝ ማፍላት ለእርሱ እንግዳ ሙያ አይደለም። አዲሱ ነገር ይህ ዕውቀት ከራስ ፍጆታ አልፎ ለገበያ መዋሉ ነው። ዛሬ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ፣ ቡና፣ ጌሾ፣ ፓፓያ፣ ማንጎና አቮካዶ እንደ እህል በብዛት ተቆጥረው የሚሸጡ ሸቀጦች ሆነዋል።

ይህ ንግድ ለአገር የሚጠቅም ነው። ይሁን እንጂ የሚካሄድበት ሥርዓት ገና አልተስተካከለም። ችግኝ አፍዩ በኅዳር ይጀምራል፤ ትልቁ ገዢ የሚመጣው ግን በሰኔ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት መካከል ያለውን ኪሣራ ሁሉ የሚሸከመው አንድ ወገን ብቻ ነው። ይህ አሠራር ሳይታረም የችግኙ ቁጥር ቢጨምርም፣ የሚጸድቀው ዛፍም ሆነ ከሥራው የሚጠቀመው ገበሬ ቁጥር በዚያው ልክ አይጨምርም።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የችግኝ አፍዩን የሥራ ቀን መቁጠሪያ መመልከት ያስፈልጋል። መኸር እንደተሰበሰበ የአፈር ዝግጅት ይጀመራል። የተለመደው አሠራር ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ ወይም የጫካ አፈርና አንድ እጅ አሸዋ አቀላቅሎ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ በተለምዶ ፖት በሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ መሙላት ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ለአንድ ፖት አንድ ሊትር አፈር ቢታሰብ ለ10,000 ችግኝ 10 ሜትር ኩብ የተነፋ አፈር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተቆፍሮ፣ ተጓጉዞ፣ ተነፍቶና በእጅ ተሞልቶ የሚደረደር ነው።

ቀጥሎ ዘሩ ይጣላል። ዘር የሚጣልበት ቀን የሚወሰነው ከሚተከልበት ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ፓፓያ በጥቂት ወራት ለተከላ ይደርሳል። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። ቡና ከዚያም ይዘገያል፤ ዘሩም ቆይቶ ከደረቀ የመብቀል ኃይሉ ስለሚደክም በወቅቱ መገኘት አለበት። የተዳቀለ አቮካዶ ደግሞ በመጀመሪያ ሥር የሚሆነው ችግኝ ከፍሬ ይበቅላል፤ ግንዱ ሲወፍር ከታወቀ እናት ዛፍ የተቆረጠ የቅርንጫፍ ጫፍ ይቀጠልበታል፤ ቅጥያው እስኪያያዝና እስኪጠነክር እንደገና ወራት ይጠበቃል። ስለዚህ በዚህ ሰኔ የሚሸጠው የተዳቀለ አቮካዶ ሥራው የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው ማለት ይቻላል።

ከጥር እስከ ግንቦት ያለው ትግል ከውሃ ጋር ነው። ለአንድ ፖት በቀን ሩብ ሊትር ውሃ ቢታሰብ 10,000 ችግኝ 2,500 ሊትር ይጠጣል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 125 ጊዜ መሙላት ማለት ነው። በአካባቢው እንደ ብርና ላህ የመሳሰሉ ወንዞች ቢኖሩም፣ መደቡ ከውሃው በራቀ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፤ በመጋቢትና በሚያዝያም አነስተኛ ምንጮች ይሳሳሉ። በዚህ ጊዜ ሁለት ቀን ውሃ የታጣበት መደብ የወራት ድካምን ይዞ ይሄዳል። ጉንዳንና ምስጥ፣ ለጋውን ግንድ ከአፈሩ ላይ የሚያጠወልገው በሽታ፣ ድንገት የሚጥለው በረዶ፣ አጥር ጥሶ የሚገባ ከብት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ልምድ ያለው አፍይ ከታዘዘው ቁጥር በላይ አብልጦ የሚያፈላው በዚህ ምክንያት ነው።

ግንቦት ሲገባ ሥራው መልኩን ይለውጣል። አሁን የሚፈለገው ችግኙን ማሳደግ ሳይሆን ለችግር ማለማመድ ነው። ጥላው ቀስ በቀስ ይነሳል፤ ውሃው ይቀነሳል፤ ከፖቱ አልፎ ወደ መሬት የዘለቀው ሥር ፖቱ እየተነሳ ይቆረጣል። ትንሹ ከትልቁ፣ ደካማው ከብርቱው ተለይቶ ይደረደራል። ይህን ሁሉ ሳያልፍ ከጥላ ወጥቶ በቀጥታ በመኪና የተጫነ ችግኝ ቅጠሉ ቢለመልምም ማሳ ላይ ሲደርስ በቀላሉ ይጠወልጋል።

እንግዲህ የዓመቱ ሥራ ፍሬ የሚታየው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። በአካባቢው ጥሩው የተከላ ጊዜ ከሰኔ ሚካኤል እስከ ፍልሰታ መግቢያ ያለው ነው ቢባል ብዙ ስህተት አይሆንም። ከሰኔ 12 እስከ ነሐሴ 1 ሲቆጠር ሰባት ሳምንት ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚተከለው ችግኝ ሥሩን ሳያጠልቅ ዝናቡ ይወጣበታል። የመስከረም ፀሐይ ያገኘው ችግኝ የጥርን ድርቅ ለመቋቋም አቅም አይኖረውም።

በቆሎ ዋጋ ሲወርድበት ጎተራ ይገባል፤ በርበሬም ደርቆ በጆንያ ይቀመጣል። ችግኝ ግን ጎተራ የለውም። ጊዜው ያለፈበት ችግኝ ዕድገቱን አያቆምም፤ ሥሩ በፖቱ ውስጥ እንደ ገመድ ይጠመጠማል። እንዲህ የተጠመጠመ ሥር ያለው ዛፍ ቢተከልም ለጊዜው ያቆጠቁጥ ይሆናል እንጂ ከዓመታት በኋላ ነፋስ ይጥለዋል፤ ወይም ሳያፈራ ይደርቃል። ስለዚህ የችግኝ ንግድ ከወተት ንግድ ይመሳሰላል። የዘገየ ገዢ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሸቀጡን ራሱን ያበላሻል።

የችግኝ አፍዩ ገዢዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው በገበያ ቀን መጥቶ አሥርም ሃያም ችግኝ በጋሪ ወይም በሸክም የሚወስደው ገበሬ ነው። ሁለተኛው በአይሱዙ ጭኖ ወደ ሌላ ወረዳ የሚያሻግረው ነጋዴ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ በሺህና በአሥር ሺህ የሚያዘው ወገን ሲሆን፣ በዚህ ውስጥ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ የልማት ድርጅቶች፣ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ይገኛሉ። ንግዱ በጅምላ እንዲካሄድ ያስቻለው ይህ ሦስተኛው ገዢ ነው፤ አፍዩን ለዕዳ የሚዳርገውም ብዙ ጊዜ የእርሱ መዘግየት ነው።

ትልቁ ገዢ የሚዘገየው የግድ በክፋት ወይም በስንፍና አይደለም። ምክንያቱ በአብዛኛው የሂሳብ አያያዝ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ይህ ቀን የሚውለው ከላይ በተጠቀሰው የሰባት ሳምንት የተከላ ጊዜ ውስጥ ነው። ሰኔ ሚካኤል ባለፈ በ18ኛው ቀን መዝገብ ይዘጋል ማለት ነው። በሰኔ የተረከበ ክፍል ከመዝጊያው በፊት ሰነዱን ለማሟላት ይጣደፋል። በሐምሌ የተረከበ ደግሞ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ክፍያውን ያቆያል። ከዚህም ሌላ የግዥ ጨረታ፣ የዋጋ ማወዳደሪያና የርክክብ ኮሚቴ አለ። እያንዳንዱ ሥርዓት ለመንግሥት ገንዘብ ጥበቃ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ሁሉም በግንቦትና በሰኔ ሲደራረቡ ችግኙ ይጎዳል። በዚህ ላይ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት መጥቀስ ተገቢ ነው።

የዚህ ውጤት በቁጥር ሲታይ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ ችግኝ አፍይ በጥቅምት ወር 30,000 ችግኝ እንዲያደርስ በቃል ተነግሮት ሥራ ጀመረ እንበል። ለፖት፣ ለዘር፣ ለአፈር ማጓጓዣና ለቀን ሠራተኛ ገንዘብ ይበደራል። ሰኔ ሃያ ላይ የሚመጣው ትዕዛዝ ግን ለ12,000 ብቻ ቢሆን 18,000 ችግኝ በእጁ ይቀራል። ወጪው የወጣው ለ30,000 ሲሆን ገቢው የሚገኘው ከ12,000 ብቻ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ የተሸጠ ችግኝ የራሱን ወጪ ከመሸፈን ሌላ የአንድ ተኩል ያልተሸጠ ችግኝ ወጪ መሸከም አለበት። ይህን የሚችል ዋጋ በገበያ ላይ የለም። ለቀሩት 18,000 ያለው ምርጫም ሦስት ብቻ ነው፦ በርካሽ መጣል፣ ወደ ትልቅ ፖት አዛውሮ አንድ በጋ ሙሉ ማጠጣት፣ ወይም ማስወገድ። ሦስቱም ኪሣራ ናቸው።

ኪሣራው ደግሞ በአንድ ሰው አይቆምም። የተጎዳው አፍይ በሚቀጥለው ዓመት ወይ ሥራውን ይተዋል፤ ወይም ወጪ ለመቀነስ ሲል አሸዋውን ያበዛል፣ ፖቱን ያሳንሳል፣ ዘሩን ካገኘው ቦታ ይለቅማል። በዚህ መንገድ የክፍያ መዘግየት ተመልሶ የችግኝ ጥራት ጉድለት ይሆናል። ገዢው በርካሽ የገዛ ሲመስለው፣ ገበሬው በማይጸድቅ ተክል ጉድጓድ ሲቆፍር ይውላል።

በሌላ በኩል የገዢዎቹም ቅሬታ ሊደመጥ ይገባል። በቃል ወይም በጽሑፍ ለአንዱ የገባውን ቁጥር ዋጋ ሲጨምር ለሌላው የሚሸጥ አፍይ አለ። የተዳቀለ ነው ብሎ ያልተዳቀለ የሚያስረክብም አይጠፋም። በመደቡ ጠርዝ ላይ ያማረውን ደርድሮ መካከሉን በደካማ የሚሞላም ይገኛል። አንድ መሥሪያ ቤት በጥቅምት ቅድሚያ ከፍሎ በሰኔ ባዶ መደብ ቢያገኝ ተጠያቂው ራሱ ነው። ስለዚህ ገዢው የሚፈራው ያለምክንያት አይደለም። መፍትሔው ግን ሁለቱም ወገኖች እየተፈራሩ እስከ ሰኔ መጠባበቅ ሳይሆን፣ ፍርሃቱን በውል ማሠር ነው።

ውሉ ምን መያዝ እንዳለበት ለመናገር አስቸጋሪ አይደለም። ትዕዛዙ ዘር ከመጣሉ በፊት፣ ቢዘገይ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። የችግኙ ዓይነትና ዝርያ፣ ቁመቱ፣ የፖቱ ልክ፣ የማስረከቢያው ሳምንትና ዋጋው ይገለጹ። ከዋጋው የተወሰነው እጅ በመጀመሪያ፣ ሌላው እጅ በመጋቢት መደቡ ተቆጥሮ ሲረጋገጥ፣ ቀሪው በርክክብ ቀን ይከፈል። የመጋቢቱ ቆጠራ ለሁለቱም ዋስትና ይሆናል፤ ገዢው ገንዘቡ በመደብ ላይ መሆኑን ያያል፣ አፍዩም ለበጋው ውሃና ለሠራተኛ የሚሆነውን ያገኛል። ያላስረከበ አፍይ የተቀበለውን ይመልስ፤ ያልተረከበ ገዢም በቅድሚያ የከፈለውን ይጣ። በዚህ መልክ ከተፈጸመ አብዛኛው ክፍያ ከሰኔ 30 በፊት ባለው በጀት ስለሚጠናቀቅ መዝገቡና ዝናቡ አይጋጩም።

የግለሰብ አፍይ አቅም ለዚህ ዓይነት ውል የማይበቃ ቢሆን ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች መካከል ገብተው ሊያግዙ ይችላሉ። ዩኒየኖች ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር አቅርቦት የገበሬውን ፍላጎት በቅድሚያ የመሰብሰብ ልምድ አላቸው። በዚሁ መንገድ በየቀበሌው ምን ያህል ቡና፣ ምን ያህል አቮካዶ፣ ምን ያህል የደን ዛፍ እንደሚፈለግ በመኸር ወቅት ቢመዘገብ፣ አፍዩ በግምት ሳይሆን በታወቀ ቁጥር ይሠራል። የመስኩ የልማት ሠራተኛም በሰኔ ችግኝ እንዲያከፋፍል ብቻ ሳይሆን በኅዳር ፍላጎት እንዲመዘግብ ቢደረግ ድካሙ ይቀላል።

በዚህ አካባቢ ፍራፍሬ ሰፊ ተስፋ እንዳለው ለማሳየት ብዙ መጓዝ አያስፈልግም። ቡሬ እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረውና በግብርና ሚኒስቴርና በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ትብብር በካናዳ መንግሥት ድጋፍ በተካሄደው የምርታማነትና የገበያ ማሻሻያ ፕሮጀክት ከአሥሩ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ የነበረች ሲሆን፣ ፍራፍሬም ከተሠራባቸው ዘርፎች መካከል ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። በሜጫ ወረዳ በ7,000 ሄክታር ላይ በተዘረጋው የቆጋ መስኖ ልማት አካባቢ የሚመረተው ሐስ የተባለው አቮካዶም ለውጭ ገበያ ቀርቧል። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት ጥሬ ዕቃ ጅማሬው በችግኝ መደብ ላይ ነው።

በአቮካዶ ላይ የሚፈጸም ስህተት ከሌላው ይልቅ የሚከፋውም በዚህ ምክንያት ነው። አቮካዶ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በሒርናና በወንዶ ገነት በግል አትክልተኞች አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም፤ ለማፍራትም ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። የተዳቀለው ግን ዝርያው የታወቀ ነው፤ በጥሩ እንክብካቤም በሦስትና በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። አንድ ገበሬ ስድስት ሜትር በስድስት ሜትር አድርጎ በአንድ ሄክታር 277 ያህል አቮካዶ ሊተክል ይችላል። የተሸጠለት ችግኝ በስሙ የተባለው ካልሆነ ስህተቱን የሚያውቀው በተከላው ቀን ሳይሆን ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ የለም፤ ደረሰኙም የለም። ገበሬው ያጣው የችግኙን ዋጋ ሳይሆን የአራት ዓመት መሬቱን ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ የተዳቀለ ችግኝ ላይ የዝርያው ስም፣ ቅጥያው የተቆረጠበት እናት ዛፍ ያለበት ሥፍራና የተዳቀለበት ወር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ እንዲንጠለጠል ማድረግ ያስፈልጋል። ገበሬውም የተዳቀለ መሆኑን በዓይኑ መለየት ይችላል። ከአፈሩ ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የተያያዘበት ጠባሳ መታየት አለበት። ጠባሳው ካልታየ ዋጋ መደራደር አያስፈልግም። የመደቡን አፈር ንጹሕ አድርጎ መያዝና ውሃ እንዳይቋጥር ማድረግም የአፍዩ ግዴታ ነው፤ የአቮካዶን ሥር የሚያበሰብሰው በሽታ ከችግኝ ጣቢያ አፈር ጋር አብሮ ወደ ማሳ ይጓዛልና።

ተባይና በሽታ በችግኝ እንደሚጓዙ የሚያስተምሩ ምሳሌዎች በቅርብ አሉ። ነጭ የማንጎ ቅርፊት ተባይ የተባለው ነፍሳት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል። በነፋስ ከመዛመቱ ሌላ ተባዩ ያለበት ችግኝ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ በቀናት ውስጥ ብዙ ርቀት ይሻገራል። ስለዚህ የማንጎ ችግኝ ከመጫኑ በፊት የቅጠሉ ጀርባና ገጽ ተገልጦ መመርመር አለበት። ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ችግኝ ከመደቡ ተለይቶ መወገድ እንጂ በቅናሽ መሸጥ የለበትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጎረቤት አዊ ዞን የሚገኝ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ግራር በማሳቸው ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር እያፈራረቁ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጠው ከሰል በማምረት ኑሯቸውን አሻሽለው ነበር። የችግኙ ሽያጭም ለብዙ ወጣቶችና ሴቶች የራሱ ገቢ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት በዛፉ ላይ የዋግ በሽታ ገብቶ በተከላው ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ገበሬው መትከል ሲፈራ፣ ያንን አንድ ዓይነት ችግኝ ብቻ ሲያፈላ የነበረ ሰው ገበያው በአንድ ጊዜ ይዘጋበታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ መደቡን ለአንድ ዛፍ ብቻ መስጠት በአንድ በሬ እንደ ማረስ ነው። ግማሹን ፈጥኖ ለሚሸጥ፣ ሩቡን ለፍራፍሬ፣ ቀሪውን እንደ ዋንዛ፣ ኮሶና ጥድ ላሉ አገር በቀል ዛፎች ማድረግ አፍዩንም መሬቱንም ይጠብቃል።

ባሕር ዛፍን በሚመለከትም ሚዛናዊ አመለካከት ያስፈልጋል። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ የማገዶና የቤት መሥሪያ ችግርን ያቃለለ ነው፤ ገበሬውም እንደ ባንክ ሂሳብ የሚቆጥረው ያለምክንያት አይደለም። ቢሆንም በምንጭ ዳርና በእርሻ ድንበር ላይ ሲተከል ውሃውንና የጎረቤትን ሰብል ይሻማል። ችግኝ ሻጩ ለሚሸጠው ተክል የሚስማማውን ቦታ ለገዢው መንገር የሙያው አካል ሊያደርገው ይገባል። ጥሩ ነጋዴ የሚታወቀው በሚሸጠው ብቻ ሳይሆን «ይህ ለአንተ መሬት አይሆንም» ማለት በመቻሉም ነው።

ሌላው መታረም ያለበት ጉዳይ የስኬት መለኪያው ነው። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የችግኝ ፍላጎት በአገሪቱ በእጅጉ ጨምሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ሕዝብ ለተከላ መነሳሳቱ መልካም ነገር ነው። ሆኖም በአንድ ቀን ስንት ተተከለ የሚለው ጥያቄ ከሁለት በጋ በኋላ ስንት ቆመ በሚለው ካልተከተለ፣ ለአፍዩም ሆነ ለገዢው የሚያስተላልፈው መልእክት «ቁጥር አምጣ» የሚል ብቻ ይሆናል። ቁጥር ብቻ የሚጠየቅ አፍይ ደካማውንም ችግኝ ቆጥሮ ያስረክባል። የጸደቀ የሚጠየቅ ግን ደካማውን ራሱ ይጥለዋል።

ስለዚህ በየዓመቱ ሁለት ቆጠራ ቢደረግ ይበጃል። አንዱ ዝናብ እንደወጣ በጥቅምት፣ ሌላው በጋውን አልፎ በግንቦት። የቆጠራው ውጤት ችግኙ ከየትኛው ጣቢያ እንደመጣ ከሚያሳይ መዝገብ ጋር ቢነጻጸር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የማን ችግኝ እንደሚጸድቅ ይታወቃል። የሚቀጥለው ዓመት ትዕዛዝም በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ሳይሆን በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ሊሰጥ ይችላል። ለብርቱ አፍይ ከዚህ የበለጠ ሽልማት የለም። እርግጥ ችግኝ የሚደርቀው በአፍዩ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ጉድጓዱ ሳይዘጋጅ የተተከለ፣ ፖቱ ሳይወልቅለት የተቀበረ፣ ከብት የተለቀቀበትም ይደርቃል። መዝገቡ ይህንንም ለይቶ ሊያሳይ ይገባል።

በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ሊዘነጋ አይገባም። በጠራራ ፀሐይ ሸራ ሳይለብስ በአይሱዙ ላይ ተደራርቦ የተጓዘ ችግኝ ግማሹ ግንዱ ተሰብሮ፣ ግማሹ አፈሩ ረግፎ ይደርሳል። በጠዋት መጫን፣ ከመጫኑ በፊት ማጠጣት፣ በሣጥን ወይም በመደርደሪያ ማቆም ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ መኖሩ ደግሞ ችግሩን አክብዶታል። ሦስት ቀን በመንገድ ላይ የቆመ ጤፍ ጤፍ ነው፤ ሦስት ቀን የቆመ ችግኝ ግን ማገዶ ነው። ይህ ሁኔታ ችግኝ ከሩቅ ከማስመጣት ይልቅ በየቀበሌው ቅርብ አነስተኛ ጣቢያዎችን ማጠናከር ብልህነት መሆኑን ያሳያል። ገበሬው በእግሩ ሄዶ ሊያየው በሚችለው መደብ ላይ የሚተማመነው ይበልጣል።

ከዚህ ቀደም በ1970ዎቹ ዓ.ም. ችግኝ ማፍላት በአመዛኙ የመንግሥት ጣቢያዎች ሥራ ነበር። በእነዚያ ጣቢያዎች የተገኘው የሙያ ልምድ የሚናቅ አይደለም፤ ዛሬ በየመንደሩ መደብ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ሙያውን የወረሱት በዚያ በኩል ከሠሩ ሰዎች ነው። አሁን ሥራው ወደ ገበሬው እጅ ሲተላለፍ ግን ኪሣራው ብቻ ተላልፎለት ዕውቀቱና ዋስትናው ወደ ኋላ መቅረት የለባቸውም። የምርምር ማዕከላት የታወቀ እናት ዛፍ ቅርንጫፍና ንጹሕ ዘር፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ምርመራና ምስክር ወረቀት፣ የብድር ተቋማት ከሰብል ብድር የተለየ፣ መክፈያው ከክረምት በኋላ የሚሆን ብድር ቢያዘጋጁ ይህ ሙያ ሥር ይሰዳል።

ችግኝ አፍዩም የራሱን ቤት ማስተካከል አለበት። የተጣለውን ዘር፣ የበቀለውን፣ የሞተውንና የተሸጠውን በደብተር ይመዝግብ። መዝገብ የሌለው አፍይ ኪሣራውን የሚያውቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ውል ያልተያዘበትን ቁጥር በግምት አያብዛ። ሰኔ ላይ ከሚመጣ አንድ ትልቅ ገዢ ይልቅ በየሳምንቱ የሚመጡ ብዙ ትናንሽ ገዢዎች ያለ ዕዳ እንደሚያሳድሩት ይወቅ። አንድ ጊዜ በሐሰት ስም የሸጠው አቮካዶ ከአራት ዓመት በኋላ መንደሩን ዞሮ ስሙን እንደሚያጠፋውም አይርሳ።

ከማንኩሳ ዙሪያ የሚታየው ጉዳይ የአንድ ወረዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ችግኝ በጅምላ በሚገዛበት ቦታ ሁሉ የሚያጋጥም ነው። ለማረምም አዲስ መሥሪያ ቤት ወይም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትዕዛዙን ከሰኔ ወደ ኅዳር ማምጣት፣ የቃል ስምምነትን በጽሑፍ መተካት፣ የተከፋፈለውን ሳይሆን የጸደቀውን መቁጠር ነው። የሚመለከታቸው ወገኖች የሚቀጥለውን ክረምት ችግኝ ዛሬ፣ ገና ፖቱ ባዶ ሳለ፣ ሊነጋገሩበት ይገባል። ዘሩ መሬት ከገባ በኋላ ቀኑን የሚቆጥረው ችግኙ ነው፤ እርሱም የማንንም የበጀት መዝጊያ አይጠብቅም።